ዋይፋይና የጊዮርጊስ ማኅበር

ፍኖተ ሰላም ላይ ከእኔ በፊት ዋይፋይ ቤቱ ያስገባ ሰው አለ የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ባንኩን አትቁጠሩብኝ፤ እሱ መሥሪያ ቤት ነው። ሆቴሎቹንም አትቁጠሩ፤ የእነሱ ዋይፋይ በር ላይ የሚነበብ እንጂ ስልክ ውስጥ የሚገባ አይደለም። እኔ የምለው የሰው መኖሪያ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጓሮው ጌሾ የሆነ ቤት። በዚህ ዓይነቱ ቤት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ጊዜው ስብሰባው ሁሉ ስለ ትራንስፎርሜሽን የሆነበት፣ ሰዉም አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነበር። ቀበሌው ስለ ትራንስፎርሜሽን ሲሰበሰብ እኔ ትራንስፎርሜሽኑን ቤቴ አስገብቼ ተቀመጥኩ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ስወጣ ያገኘሁት አስተማሪ አንድ የተሰበረ ሬዲዮ ነው። ፈታሁት፤ ገጠምኩት፤ ብሎን ተረፈኝ፤ ግን ሠራ። ሬዲዮ የሚሠሩ ፈረንጆች ብሎን እንደሚያበዙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከደንበጫ እስከ ቡሬ በእጄ ያላለፈ ሬዲዮና ቴፕ የለም። እንግሊዝኛም የተማርኩት ከባትሪ ድንጋይ ካርቶንና ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ነው። ልጄ ማስተዋል፣ «አባባ፣ የእርስዎ እንግሊዝኛ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው» ትለኛለች። ትቀልዳለች እንጂ ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሰው አይጎዳም።

ዋይፋዩን የገጠሙልኝ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ናቸው። እነሱ ገጠሙ፤ እኔ ተቆጣጠርኩ። ለማያውቅ ላስረዳ። በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ኮምፒውተር ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው ሞደም ይባላል፤ አስተርጓሚ በሉት። ራውተር የሚባለው ደግሞ የተተረጎመውን ለቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚያድል ነው፤ እሱን እንደ ድግስ ቤት አሳላፊ ቁጠሩት። ለእያንዳንዱ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የእገሌን ድርሻ ለእገሌ አያደርስም። ለእኔ የመጣው ሁለቱንም ባንድ አካል የያዘ፣ ሁለት ቀንድ የመሰሉ አንቴናዎች ያሉት ሳጥን ነበር። ዋይፋይ ማለት እንግዲህ ይህ አሳላፊ ሽቦ ሳይጎትት፣ በአየር ማደሉ ነው። በአየር የሚሄድ ነገር ሁሉ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮን ደግሞ ማን ያውቀዋል? ይህን እናንተው መልሱት።

ቴክኒሻኑ፣ «አባቴ፣ የመረቡን ስም ማን እንበለው? ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ስም ነው» አለኝ።

«ሰው ሁሉ ያያል?»

«እስከ አጥሩ ማዶ ድረስ ያያል።»

የራሴን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኩት። ረዘመ አለኝ። ስለ ሥልጣኔ ስል አያቴን ቀነስኩለት። እነሆ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ስልኩን በከፈተ ቁጥር ስሜን እያነበበ ይውላል። ሐውልት ያቆሙ ሰዎች እንኳን ይህን አላገኙም፤ ሐውልታቸው ጋ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

«የይለፍ ቃሉስ? እርስዎ የማይረሱት፣ ሌላ ሰው የማያውቀው ይሁን» አለኝ። የማልረሳው ነገር አንድ ነው፤ የአባቴ የፈረስ ስም፤ አባ ገስግስ። እርግጥ አባቴ ፈረስ አልነበራቸውም፤ በቅሎ ነበራቸው። ቢሆንም የፈረስ ስም የሚወጣው ለጀግና እንጂ ለፈረስ አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይለያይ ጻፍነው። ከቤቴ ሰው በቀር ለማንም ላልሰጥ ማልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ማስተዋል ቡሬ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ውጭ አገር ሄዳ በስንዴ በሽታ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትሠራ ነጻ የትምህርት ዕድል ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ተጻጽፋ፣ መጀመሪያውን ወንፊት አልፋ፣ የቀራት የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። እሱም በቪዲዮ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። መጣችና፣ «አባባ፣ ባሕር ዳር ሄጄ ደህና ኢንተርኔት ያለበት ክፍል ልፈልግ ነው» አለችኝ።

«የአባትሽ ቤት ዋይፋይ እያለ የሰው ደጅ ልትጠኚ?»

«አባባ፣ ቀልድ አይደለም። የዕድሜ ገደብ አለው። ዘንድሮ ካመለጠኝ ከርሞ አይቀበሉኝም።»

«ልጄ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሲግናል አንበሳ ነው» አልኳት። አንበሳ ያልኩት ትንሽ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ግን አባት ለልጁ ሲናገር ሚዛን አያወጣም። ብዙ አሰበች፤ አየችኝ፤ እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ «እስኪሆን ድረስ ለማንም አይንገሩ። ሳይሳካ ከተወራ መሳቂያ እሆናለሁ።» ማልኩላት። አውራ ዶሮን ሲነጋ አትጩኽ ብሎ ማስማል ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ ባለቤቴ እናኑ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ቅዳሜ አላችሁ? ቅዳሜ እኮ ሃያ ሦስት ነው። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የኛ ነው» አለች።

 ፈረንጆቹ ቀን አይቀይሩም። ጊዮርጊስም አይቀይርም። ጠላው ተጠንስሷል፤ የማኅበሩ ሰው ሰምቷል። እኔ ግን አዛዥ ሰው ነኝና ወዲያው አቀድኩ፤ እንግዳው ሳሎንና ደጅ፣ ማስተዋል መኝታ ቤት፣ ራውተሩ ሳሎን ቡፌው ላይ፤ የሲግናሉ መንገድ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ። ጭቃ ግድግዳ ሲግናል ያደክማል እንጂ አይገድልም።

ቅዳሜ ሆነ። ማስተዋል ነጠላዋን አስተካክላ፣ ላፕቶፗን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ድምጿ መጣ።

«አባባ! ዋይፋዩ የለም!»

«ደከመ በይ እንጂ የለም አትበይ።»

«የለም ነው የምልዎት! ስምዎት ራሱ ጠፍቷል!»

ስሜ ጠፋ! እንግዶቹ መግባት ጀምረዋል። ሽቦው ተቆርጦ መሆን አለበት ብዬ መሰላል አቁሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የስልኩን ገመድ ከምሰሶው እስከ ቤቱ በእጄ እየዳሰስኩ ስመረምር ጎረቤቴ ደሴ በአጥር ላይ አንገቱን አወጣ። ደሴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመርፌው ምላሱ ይወጋል።

«አያ፣ ምነው? ማኅበሩ ጣሪያ ላይ ሆኗል እንዴ የሚጠጣው?»

«ሥራ ላይ ነኝ!»

«እንግዲያ ሲወርዱ እንዳይገሰግሱ፤ መሰላሉ ዘንበል ብሏል።»

መልስ ሳልሰጠው እናኑ ከሥር፣ «አንተ ሰውዬ! የምትፈልገው ያ መብራቱ የሚርገበገበው ዕቃ ከሆነ ሳጥን ውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች።

ወርጄ አየሁ። እውነትም ቡፌው ሥር ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ሽቦው በክዳኑ ጠርዝ ወጥቶ ተቀምጧል። መብራቱ ውስጥ ለውስጥ እየበራ፣ ጋቢውም እየሞቀ።

«ምን ነካሽ?»

«ስንት ዓይን ነው ዛሬ የሚገባው? አዲስ ዕቃ ነው፤ ገና ከገባ ወሩ ነው። ቡዳው ሰይጣኑ ሁሉ አይቶት?»

«ቆርቆሮ ለዋይፋይ መቃብር ነው! ሞገዱ ብረት አያልፍም!»

«ጣሪያችንስ ቆርቆሮ አይደለም?»

«እኛ የምንልከው ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ላይ ነው እንዴ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በድንገት ሲመጣ የሚመልስ ሰው ስንት አለ?

ራውተሩን አወጣሁ፤ ቡፌውም ዝቅ ይላል ብዬ ቁም ሳጥኑ ራስ ላይ አወጣሁት። ሲግናል ከፍ ካለ ቦታ ይወዳል። አንቴናዎቹን አቆምኳቸው። ስሜ ተመለሰ። ማስተዋል ስክሪኗ ላይ ሦስት ፈረንጆች ተደርድረው ታዩአት፤ ጥርሳቸው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ገብቼ ጤና ይስጥልኝ ልል ስል በዓይኗ መለሰችኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ወጣሁ። ደስታዬን ለማን ልንገር?

ሳሎን ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው ዞረ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አያ ቢተው ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ በዚህ ከተማ የቀሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፣ እሳቸው አንዱ ናቸው። ጠላው ሁለተኛ ሲዞር ስልኮች ከየኪሱ መውጣት ጀመሩ። አባ፣ የነፍስ አባቴ፣ ሳይቀሩ ስልካቸውን አወጡ።

«እዚህ ስምህ ይታየኛል ልጄ፤ ቁልፉ ምንድን ነው? መዝሙር ላወርድ ነበር» አሉኝ።

«አባ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ።»

«ለምን?»

ማስተዋል አስምላኛለች። «የቴክኒክ ነገር ነው» አልኩ። የቴክኒክ ነገር ሲባል ሰው ዝም ይላል፤ ደሴ ግን ሰው አይደለም።

«የቴክኒክ ነገር ነው ይላሉ!» አለ ጮክ ብሎ። «ተዉአቸው፣ እሳቸውም አያውቁትም። ሬዲዮ ጠጋኝ ስለ ዋይፋይ ምን ያውቃል? ቴክኒሻኖቹ ጽፈውላቸው ሄዱ፤ ዛሬ ቃሉ ጠፍቷቸው ጣሪያ ላይ ሲፈልጉ ዋሉ!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አያ ቢተው እንኳ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ብዙ ነገር እችላለሁ፤ ይህን ግን አልችልም። በልጄ ጉዳይ የታፈነ ደስታ፣ በደሴ ምላስ የተነካ ክብር፣ በሁለተኛው ዙር ጠላ የሞቀ ደም፤ ሦስቱ ባንድ ላይ አነሡኝ። በትሬን ነጥቄ መሀል ገባሁ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የአባ ገስግስ ልጅ፣
ሌሊት የሚደርስ ከጠላቱ ደጅ፣
ዲዳውን ሬዲዮ ያናገረ በእጅ!»

እልልታ! ጭብጨባ! «ድገመው! ድገመው!» ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ደጅ ድረስ ወጥቼ ደገምኩት። ላቤን ጠርጌ ስመለስ ደሴ ስልኩን በዓይኑ ልክ ይዞ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሏል።

«ገባልኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ዋይፋዩ። የእርስዎን ጉራ ጻፍኩ፣ ከፈተልኝ።»

«እንዴት ብለህ ጻፍከው?» አሉ እንግዶቹ በአንድ ድምፅ።

«አባ ገስግስ። ሳይለያይ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ ቃል ያጥረኛል። ከየስልኩ የመልእክት ድምፅ እንደ ክረምት እንቁራሪት ተነሣ። አንዱ የልጁን የሠርግ ቪዲዮ ከፈተ። አንዱ ኳስ ከፈተ። አባ መዝሙራቸውን ጀመሩ። ከደጅ ፉከራዬን የሰሙ የሰፈር ወጣቶችም አጥሩ ሥር ተደርድረው፣ እንደ ወፍ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። አባቴ በሕይወታቸው ይህን ያህል ሰው በስማቸው ተጠቅሞ አያውቅም። አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከመኝታ ቤት ግን፣ «ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?» የሚል ድምፅ መጣ። ማስተዋል መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«አባባ፣ ምስሉ ቆመ! አንዷ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች!»

«ሲግናሉ ስንት ነው?»

«ሙሉ ነው! ግን ኢንተርኔቱ አይንቀሳቀስም!»

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው ይሳሳታል። ዋይፋይ ሌላ፣ ኢንተርኔት ሌላ። የስልኩ ምልክት ሙሉ መሆን እናንተና ራውተሩ እንደምትተያዩ ብቻ ነው የሚናገረው፤ በሽቦ የሚመጣው ለሁሉም ይበቃል ማለት አይደለም። በሽቦ የሚመጣው መጠኑ ያው ነው፤ የሚካፈለው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይሳሳል። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ስልኬን አወጣሁ፤ ወደ ራውተሩ ማዘዣ ገጽ ገባሁ፤ የተጠቃሚውን ስም ዝርዝር አየሁ፤ የቅዳሜ ገበያ ነው። ያደረግኩት ያው አዋቂ የሚያደርገውን ነው፤ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ።

በችኮላ ምን ላድርገው? እሳት ሲነሣ ሰው የሚያነሣው ቅርቡ ያለውን ነው፤ ጣቴ የእናኑን የክርስትና ስም ጻፈ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የክርስትና ስም የሚታወቀው በካህንና በቤተ ሰብ ነው፤ የደብተራ መድኃኒት እጅ ይገባል ተብሎ ለጎረቤት እንኳ አይነገርም። የተሻለ የይለፍ ቃል ከየት ይመጣል? «ይሁን» አልኩት፤ ራውተሩ ጠፍቶ በራ።

 መዝሙሩም፣ ኳሱም፣ ሠርጉም ባንዴ ተቆረጠ። ሁሉም ወጣ፤ ማስተዋልም አብራ ወጣች! ይህን እንኳ አላሰብኩትም፤ ማለቴ አስቤው ነበር፣ ግን ከሠራሁት በኋላ።

«አባባ! ጭራሽ ተቋረጠ! አዲሱ ቃል ምንድን ነው?» አለች በመጋረጃው ሥር።

ሃያ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ ጆሮውን ወደ እኔ ቀሰረ።  ወደ እሷ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ልነግራት ስል አያ ቢተው ጽዋቸውን መሬት አስቀመጡ።

እናንተ የማኅበር ሰዎች ከሆናችሁ ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሙሴው ጽዋ ካስቀመጠ ማኅበሩ ቆመ ማለት ነው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «በጊዮርጊስ ቀን እንግዳ ገብቶ በር ይዘጋበታል? ይህን ከነፈግኸን እንግዲህ ምን ልትሰጠን ነው? ደግሞ በእንግዳ ፊት ሹክሹክታ!»

«አያ፣ ነገሩ…»

«ነገሩ ምን?» ሌሎቹም ጽዋቸውን አስቀመጡ። ከመጋረጃው በኋላ ማስተዋል እንባዋን እየዋጠች ስትተነፍስ ይሰማኛል። ዕድሜዋ ያልፋል። እኔ ነኝ ከባሕር ዳር ያስቀረኋት። መናገር መሐላ ማፍረስ ነው፤ አለመናገር ልጅ ማጥፋት ነው።

ማስተዋል ራሷ መጋረጃውን ገለጠች። «ይንገሯቸው፣ አባባ» አለች።

ነገርኳቸው። ስንዴውንም፣ ፈረንጆቹንም፣ የዕድሜውን ገደብም፣ አንዷ አፏን ከፍታ መቅረቷንም። እንዲህ አልኩ፤ «በበጋ ላህ ወንዝ ሲመነምን ምን እናደርጋለን? ራስጌ ያለው ሁሉ ቦዩን ከቀደደ ግርጌ ያለው ማሳ ምን ይጠጣል? ይህም ውኃ ነው። በአየር ስለመጣ አያልቅም ብላችሁ ነው። አንድ ቦይ ነው ያለን፤ ልጄ ግርጌ ናት።»

አያ ቢተው በዘመናቸው የውኃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ውኃ ለሰፈሩ ማሳ ሁሉ በተራ የሚያካፍሉ ሰው። ዓይናቸው በራ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ቀድሞ መናገር አይሻልም? የቴክኒክ ነገር ትላለህ! ይህ እኮ የቦይ ነገር ነው!» ተነሡ። «ተራው የማስተዋል ነው። ሁላችሁም ዝጉ!»

«አሁንማ ተባረን፣ ምኑን እንዝጋ?» አለ ደሴ። «ቃሉን እንኳ አናውቅም። እምነት አጡብን።»

ይህ ነው የቀረው። አሁንም ለልጄ ብቻ ሹክ ብል የተቀየመው እንደተቀየመ ይቀራል፤ ማኅበሩም በቤቴ ይፈርሳል። ጮክ ብዬ ልናገር ደግሞ የሚስቴ ምሥጢር ነው። እናኑን አየኋት። ማሰሮዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው ያደረግከው ቃሉን?»

«የ… የአንቺን።»

«የእኔን ምን?»

«የክርስትናሽን።»

ማሰሮውን አስቀመጠች። መጀመሪያ የምትወረውረው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለሳሎኑ ሁሉ፣ «ወለተ ጊዮርጊስ ነው! ሰማችሁ? ማንም ይጻፈው፣ ቤቱ የናንተ ነው። ልጄ እስክትጨርስ ግን የሚነካውን ሰው እሱ ራሱ ይየው!» አለች፤ ግድግዳው ላይ ወዳለው የፈረሰኛው ጊዮርጊስ ሥዕል እጇን ዘርግታ።

ሃያ ሰው ቃሉን ሰማ፤ አንድም ሰው አልጻፈውም። ስልኮቹ እንደ ተራራ መሶብ ክዳን ላይ ተከመሩ። አባ መዝሙራቸውን ግማሹ ላይ ትተው የራሳቸውን ከላይ አስቀመጡ። ደሴ፣ «አንድ ለአምስት እንደራጅ፤ አንዱ አምስቱን ይጠብቅ» አለና ራሱን አደራጀ። ግን አጥሩ ሥር ያሉት ወጣቶችስ? የእናኑ ድምፅ እነሱ ጋም ደርሷል። አያ ቢተው ወዲያው ሽማግሌ ላኩባቸው። አዎ፣ እንደ ጋብቻ! ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች አጥሩን ዞረው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ «ልጆቻችን፣ ስለ ጊዮርጊስ፣ ለአንዲት እኅታችሁ ብላችሁ ዋይፋዩን ዝጉልን» ብለው ለመኑ። ወጣቶቹ ሽማግሌ ተልኮባቸው አያውቅም፤ ደንግጠው የስልካቸውን ባትሪ ሳይቀር አወጡ።

ማስተዋል ገባች። ጻፈች። ሁላችንም ጠበቅን። ትተዋት ሄደው ቢሆንስ? ከዚያ ከመጋረጃው በኋላ የሴት ድምፅ መጣ፤ ያቺ አፏን ከፍታ የቀረችው አፏን ዘጋች! ማስተዋልም በእንግሊዝኛ ፈሰሰች፤ እንደ ክረምት ላህ።

«ምን አለች?» አሉኝ አያ ቢተው በሹክሹክታ። ሳሎኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እኔ ነኝ።

ጆሮዬን ጥዬ፣ «ስንዴ በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት እያለቻቸው ነው» አልኩ።

«እውነቷን ነው!» አሉ አባ።

«አሁንስ?»

«ከእሳትና ከሕፃናት ይራቅ አለች።»

«አይ ልጅ!» አሉ አያ ቢተው ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ይህን የመሰለ ልጅ ቡሬ አስቀምጠን!»

ማንም አልሳለም። ደሴ ማስነጠስ መጥቶበት ነጠላውን አፉ ውስጥ ጨመረ። ማስተዋል መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ሳሎኑ በሙሉ ተነሣ።

«ጨረስኩ» አለች። «ምን እንደሚሉ እንጃ። ግን የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ።»

እናኑ እልል አለች። ጽዋው ከመሬት ተነሣ። ደሴ፣ «አሁን መክፈት ይቻላል?» አለ፤ አያ ቢተው፣ «ክፈቱ!» አሉ፤ ሁሉም ባንዴ ከፈተ፤ ዋይፋዬ እስከ ማታ አልተነሣም።

ክረምቱ ሳይወጣ መልሱ መጣ፤ ተቀብለዋታል። አሁን የሰማሁትን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ ያሳለፍኳት ልጅ፣ በእኔ ዋይፋይ፣ በእኔ የቦይ ንግግር ያለፈች ልጅ፣ ከተማው ሁሉ «እኔ ነኝ ያሳለፍኳት» ይላል። ደሴ ሱሪ እየለካ፣ «ባልዘጋላት ኖሮ!» ይላል። አባ በስብከታቸው ስለ መታቀብ ጥቅም ሲያስተምሩ መዝሙራቸውን ያነሣሉ። አጥሩ ሥር የነበሩት ወጣቶች ስንት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሲወራ ግማሹ ከተማ አጥሬ ሥር ነበር።

ባለፈው ከቡሬ በሚኒባስ ስመለስ ከአጠገቤ የተቀመጠ፣ ከገበያ የሚመለስ፣ በሕይወቴ ያላየሁት ሰውዬ ጨዋታ ጀመረልኝ።

«ፍኖተ ሰላም ነዎት? ያቺን ልጅ ያውቋታል? ውጭ የሄደችውን፣ የስንዴዋን?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ፤ የት እንደሚደርስ ልይ ብዬ።

«እኔም ስልኬን ዘግቼላታለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ያን ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ ሽማግሌ ለመነኝ። ስለ ጊዮርጊስ ሲባል ምን እላለሁ? ዘጋሁላት። አለፈች።» ደግሞ ኪሱ ገብቶ የዘጋትን ስልክ አውጥቶ አሳየኝ።

ቁልፎቿ የተፋቁ፣ አናቷ ላይ የባትሪ መብራት ያላት ስልክ ናት። እንዲህ ዓይነቷ ስልክ ትደውላለች፣ ጨለማ ታበራለች፣ ከዚያ አታልፍም፤ ዋይፋይ በአጠገቧ ቢያልፍ አታውቀውም። ይህን ለማስረዳት ከእኔ የተሻለ ሰው በዚያ መንገድ አልሄደም፤ መንገዱም በቂ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ልጄ ናት» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰውዬው ብድግ ሊል ሲል ጣሪያው መታው። ሁለት እጄን ይዞ ሳመኝ፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለቀቀልኝ። ከዚያ ስልኩን አንድ ጊዜ አየት አደረጋት፤ ስለ አክብሮት ብሎ አውራ ጣቱን ቁልፏ ላይ ጫን አድርጎ አጠፋት፤ ፍኖተ ሰላም እስክንደርስም አልከፈታትም።